ደሴ ላይ ቃሪያ፦ አበባው የትየለሌ፣ ፍሬው የለም (27 መልሶች)

ይህ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደ የጥያቄና መልስ ክር ማጠቃለያ ነው። የመክፈቻ ጽሑፍ። ጠያቂው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ቃሪያውን ግንቦት መጨረሻ ላይ ዘርቶ፣ ክረምት ሲገባ አፋቸው ወደተቆረጠ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች አዛውሮታል። ተክሉ 70 ሳንቲ ሜትር ደርሷል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ አበባውም ተቆጥሮ አያልቅም። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ግን የአበባው አንገት ቢጫ እየሆነ ሲነኩት ይረግፋል። ከመርገፍ የተረፉት ፍሬዎች የአውራ ጣት ጥፍር አክለው ቀርተዋል፤ ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ዘር የለም። በየ15 ቀኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ይሰጣቸዋል። ድምዳሜው ዘር ሻጩ የቆላ ዘር አታሎ ሸጠልን የሚል ነው። እግረ መንገዱንም ያው ዘር ኮምቦልቻ ላይ ጥሩ እንዳፈራ ጠቅሷል።

መልስ 1። በትሕትና የተጻፈ ነው፤ ሰላምታው ራሱ ሁለት መስመር ይፈጃል። መላሹ ጠያቂው ራሱ ባመጣው ማስረጃ ይጀምራል፦ ዘሩ ኮምቦልቻ ላይ ካፈራ ዘሩ ደኅና ነው ማለት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ተክል 4 ዲግሪ ገደማ ተቀንሶበታል። የደሴ ቀን ለቃሪያ አይከፋም፤ ጣጣው ሌሊቱ ነው። ቃሪያ ፍሬ ለመያዝ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ የሆነ ሌሊት ይወዳል። ከዚያ ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይመክናል፣ አበባው ይረግፋል። ሳይረግፍ የቀረውም ዘር አልባና ኩርምትምት ያለ ፍሬ ይሆናል፤ ጠያቂው ሰንጥቆ ያየው ይኸንን ነው።

መልስ 2። ሰላምታ የለውም፣ በቀጥታ ወደ ዩሪያው ይገባል። ስሌቱን እንዲህ አስቀምጦታል፦ በማሳ ላይ በ70 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 47,000 ያህል ተክል ይይዛል፤ 100 ኪሎ ዩሪያ ሲካፈል ለአንዱ ተክል የሚደርሰው 2 ግራም ነው፣ ያውም ለጠቅላላው ወቅት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ከ10 ግራም ይበልጣል። ስለዚህ ጠያቂው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የአምስት ተክል ድርሻ ነው። ተክሉ ቅጠል በቅጠል የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው ይላል። የሚበጀው ሲተከል ጠፍጣፋ አንድ የሻይ ማንኪያ ኤን ፒ ኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል፣ ከ5 ሳምንት በኋላ ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ2 ሊትር ውኃ አሟሙቶ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ማጠጣት ነው። አበባ ከታየ በኋላ ዩሪያ አይነካም።

መልስ 3 ለ1ኛው ድጋፍ ብቻ ነው። መልስ 4 ደግሞ አንድ ቁም ነገር ይጠይቃል፦ ጠያቂው ሌሊቱን ለክቶታል ወይስ በግምት ነው? ቴርሞሜትሩ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በተክሉ ቁመት፣ ከቅጠሉ አጠገብ መሰቀል እንዳለበትም ያክላል። ጠያቂው በመልስ 5 ተመልሶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 7 ዲግሪ ማንበቡን ይናገራል። ከዚህ በኋላ የዘር ሻጩን ስም የሚያነሣ ሰው የለም።

መልስ 6። እኔን ከጠየቃችሁኝ የክሩ አከርካሪ ይኸ ነው። ጸሐፊዋ ስለ ሙቀት የተባለውን ሁሉ ተቀብላ፣ ስሕተቱ ያለው ግን ከሁሉ በፊት ቀን መቁጠሪያው ላይ እንደሆነ ታስረዳለች። ግንቦት መጨረሻ የተዘራ ቃሪያ ደመናውንና ብርዱን ክረምት በቅጠልነት ያሳልፋል፤ አበባ የሚያወጣው ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚከፋበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ደሴ ላይ መዘራት ያለበት ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ፣ ያውም ቤት ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚበቃው ችግኝ ደሴ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈልጋል። መጋቢት ሲገባ ግንዱ እርሳስ ያክላል፣ ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ያኔ ለ10 ቀን ይለማመዳል፦ የመጀመሪያው ቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ ፀሐይ ላይ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት። ይህን የዘለለ ሰው በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ወረቀት መስሎ ነጥቶ ያገኘዋል።

አበባው ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ይመጣል፤ ከዓመቱ ሌሊቶች ለደሴ ቃሪያ የሚሻሉት የዚያ ሰሞኖቹ ናቸው። አረንጓዴው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ይለቀማል፣ በመቀስ ነው እንጂ በእጅ እየጎተቱ አይደለም፤ ቅርንጫፉ ገና ሲያዩት የሚሰበር ነው። ክረምቱን ከቆርቆሮ ጥግ ሥር ሆኖ ካለፈ መስከረም ላይ አንድ ዙር ይጨምራል። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ የሚወጣውን አበባ ግን መቀንጠስ ነው፤ ፍሬ አይሆንም፣ ያለውን ፍሬ ከማሳደግ ይልቅ የተክሉን ጉልበት ይጨርሳል። እስከ ቅላት አቆየዋለሁ ለሚል ደሴ ላይ እንዳይደክም ትመክራለች። ከተከላ እስከ ቀይ በርበሬ 4 ወርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ እዚያው መሐል ክረምቱ ይደርሳል።

መልስ 7። 6ኛዋን በአንቱታ እየጠራ ይጀምርና ቅሬታውን ያስከትላል። የቀን መቁጠሪያው ጥሩ ነው፣ ግን በልግ ሁሌ አንድ አይደለም። መጋቢትና ሚያዝያ በጥሩ ሁኔታ ከዘነበ ጀሪካኑ ውኃ ይቋጥራል፣ ቀዝቃዛ ርጥብ አፈር ውስጥ ያለ ሥር ደግሞ ይታፈናል። ቅጠሉ ወይን ጠጅ ቀለም ካወጣ በሽታ አይደለም፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ስለሚያቅተው ነው፣ ማዳበሪያ መጨመርም አይፈውሰውም። መፍትሔው ከጀሪካኑ ሥር የጣት ውፍረት ያላቸው 6 ቀዳዳዎች፣ ሦስት ጣት ያህል ጠጠር፣ ከላዩ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ ነው። ጀሪካኑ መሬት አይነካም፣ ሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ውኃ ጠዋት ከቧንቧ ቀጥታ አይሰጥም፤ ፀሐይ ላይ ውሎ እስኪለዝብ ይጠበቃል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አመድ ለጀሪካን አንድ እፍኝ ከበቃ በቃ፣ ከዚያ ሲበዛ አፈሩን ያበላሸዋል።

መልስ 8 ላስቲክ ቤት ይሠራ ይላል፦ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ቁመት 2 ሜትር፣ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ለፀሐይ የተዘጋጀ ላስቲክ። በሜትር የሚሸጠው ተራ ላስቲክ የደጋውን ፀሐይ አይችልም፣ ከአንድ በጋ በኋላ ይበጣጠሳል። ላስቲኩ መጀመሪያ የሚቀደደው እንጨቱን በሚነካበት ቦታ ስለሆነ፣ አጣናው በአሮጌ ጨርቅ ይጠቀለላል።

መልስ 9 ይኸን አይቀበለውም፣ ቃናውም ከዚህ ጀምሮ ይሞቃል። የ8ኛው ምክር ግማሽ ነው፣ ግማሽ ምክር ደግሞ ተክል ይገድላል ይላል። የተዘጋ ላስቲክ ቤት ቀን 7 ሰዓት ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከ35 በላይ ደግሞ አበባው በብርድ እንደሚረግፈው ሁሉ በሙቀት ይረግፋል። ሌሊት ሲሆን ተራ ላስቲክ መሬት የሚተነፍሰውን ሙቀት አይዘውም፣ ያሳልፈዋል። ሰማይ በጠራ የኅዳር ሌሊት ከውስጥና ከውጭ ያለው ልዩነት አንድ ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው፤ የባሰ ሌሊትም አለ። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በሁለቱም ጫፍ ክፍት፣ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሳትሸሽ መዝጋት፣ ማታ ደግሞ ከላስቲኩ ላይ ጆንያ ወይም ያረጀ ጋቢ መደረብ። ጦሳ ሥር ያለ ግቢ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ተራራው ፀሐዩን ቶሎ ስለሚወስድበት መዝጊያው 9 ሰዓት ይሆናል። ላስቲክ ቤት ውስጥ ነፋስና ንብ ስለሌለም በየቀኑ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ግንዱን በጣት መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ የሚራገፈው ያኔ ነው።

መልስ 10 ውኃ የሞላ ጥቁር ጀሪካን ውስጥ ቢቀመጥ ሌሊቱን ያሞቃል ሲል፣ መልስ 11 ሂሳቡን አምጣ ብሎ ራሱ ያመጣዋል። 20 ሊትር ውኃ በሌሊት 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 0.23 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለ12 ሰዓት ሲካፈል 20 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ከደብዛዛ አምፖል የማይሻል። አምስት ጀሪካን ግን 100 ዋት ገደማ ነው፣ ትንሽ ላስቲክ ቤት ውስጥ ይኸ ይታያል። በአንድ ጀሪካን የሚጽናና ሰው ይተወው፤ አምስት ካለው በስተደቡብ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ በኩል ይደርድራቸው።

መልስ 12። ወደ ማብቀል ይዞራል። ደሴ ቤት ውስጥ ታኅሣሥ ላይ 15 ዲግሪ ከሆነ ዘሩ ለመብቀል ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል፣ ብዙውም ሳይወጣ ይበሰብሳል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካገኘ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። መላሹ ያመጣው ዘዴ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ የዘሩን ሣህን ምጣዱ ላይ ማስቀመጥ ነው።

መልስ 13። ክሩ ውስጥ ያለችው ስለታም ብዕር የእርሷ ናት። ያ ዘር ሊበቅል ነው ወይስ ሊቆላ ብላ ትጀምራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላም እጅ አያስነካም፤ የራሰ ዘር ከ40 ዲግሪ በላይ ከቆየ አለቀለት። የእርሷ መንገድ እንዲህ ነው፦ ዘሩን በረጠበ ሶፍት ጠቅልሎ፣ በትንሽ ፌስታል አድርጎ፣ በቲቪ ሪሲቨር ወይም በፍሪጅ አናት ላይ ካርቶን ከሥሩ አንጥፎ ማስቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ጨርቅ መደረብ። ጫፉ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል በዚያው ቀን ወደ አፈር፣ ጥልቀቱም ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። አፈሩ አስቀድሞ የፈላ ውኃ ተደርጎበት አንድ ቀን የቀዘቀዘ መሆን አለበት፣ ያለዚያ ቡቃያው ከአፈር ወለል ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይወድቃል። ችግኙ ከታየ በኋላ ፌስታሉን ላዩ ላይ ያቆየ ሰውም ያንኑ በሽታ በገዛ እጁ ይጋብዛል።

መልስ 14 ይቺኑ ሴትዮ ለመያዝ ይሞክራል፦ ከ40 በላይ ይሞታል ካለች፣ ዘር በ51 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይታከማል የሚባለውስ? መልስ 15 የእርሷው ነው፣ ግን ለስለስ ብሏል። ያ የሚደረገው ለደረቅ ዘር፣ ለ30 ደቂቃ ብቻ፣ በቴርሞሜትር ተጠብቆና ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ነው፤ ከዘሩ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ለመግደል። 55 የደረሰ እንደሆነ ዘሩም አብሮ ይሄዳል። ከገበያ ደረቅ በርበሬ ዘር ለሚያወጡ ጥሩ ነው፤ በፀሐይ የደረቀው ይበቅላል፣ በእሳት ጭስ የደረቀው ግን ብዙ ተስፋ የለውም።

መልስ 16 ከሚጥሚጣ አጠገብ የተተከለ ቃሪያ ያቃጥላል ወይ ሲል ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ክሩ ለትንሽ ጊዜ ከእጅ ወጣ። 17ኛው አዎን አለ። 18ኛው በቁጣ መለሰ፦ የዘንድሮ ፍሬ ሥጋው የእናቱ ነው፣ ከጎረቤት የመጣው የአበባ ዱቄት ሊለውጥ የሚችለው ዘሩን ብቻ ነው። ለውጡ የሚታየው ያ ዘር በከርሞ ሲተከል ነው። ያውም ቃሪያና ሚጥሚጣ የተለያዩ ዝርያዎች ስለሆኑ በቀላሉ አይዳቀሉም። ያልጠበቁት ማቃጠል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ውኃ ከጠማው ተክል ነው። 19ኛው ደግሞ ይኸን ይዞ ወደ ስንግ ቃሪያ ገባ፦ የሚያቃጥለው ዘሩ ሳይሆን ዘሩ የተያያዘበት ነጩ ሥጋ ስለሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ እርሱን በቢላዋ ጫፍ ጠርጎ ማውጣት፣ ሽንኩርቱን ጨውና ሎሚ አሽቶ መሙላት። አንድ ሁለት ሰው ስለ ቲማቲም መግባት አለመግባት ሊከራከር ሲል የመድረኩ አስተባባሪ በመልስ 20 መጥቶ፣ ወጥ ቤቱ ሌላ ክር እንዳለው አስታውሶ መለሳቸው።

መልስ 21። ከኮምቦልቻ የተጻፈ ነው፣ አጭርና ጠቃሚ። ደሴዎች ዘር ከማብቀል ኮምቦልቻ የፈላ ችግኝ ቢወስዱ 3 ሳምንት ያተርፋሉ። ሲወስዱ ግን ሥሩ ከነአፈሩ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ በሚኒባሱ ውስጥ ይያዝ፤ ጣሪያ ላይ ከተጫነ የሐረጎ ነፋስ አድርቆት ይደርሳል። ቅጠሉ የተኮማተረና ዝንጉርጉር የሆነውን አለመግዛት፤ ክሽክሽ የሚባለው ወዝ መጣጭ ትንሽ ተባይ ያስተላለፈው ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ትምባሆ ላይ ያለ ቫይረስ ወደ ቃሪያ ይተላለፋል። ኮምቦልቻም ገነት አይደለም ብሎ ደግሞ ይጨምራል፦ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀትር ሲከር እዚያም አበባ ይረግፋል።

መልስ 22 ስለ ዝርያ ነው። ማረቆ ፋና ለደረቅ በርበሬ የተመረጠ ነው፤ በርበሬ በአገራችን በብዛት የሚመረተውም ከ1,400 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ባለ ወይናደጋ፣ እንደ ማረቆ፣ አላባና ቡሬ ባሉ ቦታዎች ነው። ደሴ ላይ ቀጭኑና ግድግዳው ስስ የሆነው አረንጓዴ ቃሪያ ይሻላል፣ 12 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሌሊትም ጥቂት ጥቂት ይይዛል። ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ ደጅ ላይ ኪሳራ ነው፤ ሚጥሚጣ ደግሞ ከሁሉም በላይ ብርድ ይፈራል። መልስ 23 የደቡብ አሜሪካውን ሮኮቶ ያነሣል፦ አበባው ወይን ጠጅ፣ ዘሩ ጥቁር፣ ቅጠሉ ጠጉራም ሲሆን የአንዲስ ተራሮች ተክል ስለሆነ ቀዝቃዛ ሌሊት ይለምዳል። ውርጭ ግን እርሱንም ያቃጥለዋል።

መልስ 24 ውርጭ ሲመጣ ጭስ ማጨስ አለ። 9ኛው ተመልሶ በመልስ 25 ጭስ ሙቀት እንደማያግድ፣ የሚያሞቀው እሳቱ ራሱ ብቻ እንደሆነ፣ ጎረቤት ከማሳል በቀር ትርፍ እንደሌለው በደረቁ ተናገረ። እርሱ የሚያምነው መሸፈኛ ነው፦ ነፋስ በሌለበትና ኮከብ በሞላበት ምሽት ፀሐይ ስትገባ፣ ቅጠሉን እንዳይነካ በአራት እንጨት ላይ ጆንያ መዘርጋት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማንሣት። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ፣ ግቢው ተዳፋት ከሆነ ጀሪካኖቹ ከታችኛው አጥር ሥር አይቀመጡም። የ25ኛው አነጋገር ሻካራ ነው፤ ያለው ግን ልክ ነው።

መልስ 26 አሁን ጥቅምት ላይ ያለውን የጠያቂውን ተክል ምን እናድርገው ወደሚለው መጣ። መንቀል የለበትም፤ ቃሪያ ብርድ ካልገደለው ከዓመት ዓመት ይኖራል። ዩሪያው ይቁም። አፈሩ ውስጥ የተከማቸው እንዲታጠብ በሞቃት ቀን በሥሩ እስኪፈስ ሁለት ጊዜ ውኃ ይጠጣ። ኅዳር ሳይጋመስ ፍሬውና አበባው ይለቀም፣ ተክሉ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ከአንጓ በላይ በስለታም መቀስ ይቆረጥ። ከዚያ ወደ ቤት፣ መስኮት አጠገብ። ውኃ በየ10 ቀኑ አንድ ብርጭቆ ይበቃዋል፤ ቅጠል የሌለው ጉቶ ብዙ ከጠጣ ሥሩ ይበሰብሳል። የካቲት ላይ ያቆጠቁጣል፣ መጋቢት ላይ ወደ ደጅ ሲወጣ ከአዲስ ችግኝ በወር ቀድሞ ያብባል።

ጠያቂው ቤት ውስጥ ክሽክሽ ይዞ ቢገባስ ሲል፣ መልስ 27 ከ13ኛዋ መጣ። ከመግባቱ በፊት ከቅጠሉ ሥር መታየት አለበት፤ ተለጣፊ ወዝ ካለና ጉንዳን ግንዱን ከተመላለሰበት ክሽክሽ አለ። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ በተለይ ከቅጠሉ በታች መርጨት፣ በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ከ5 ቀን በኋላ መድገም። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ቅጠሉን ይልጠዋል።